ወደ ውስጥ የሚሳብ አዎ

በጸደይ፣ የወንዙ በረዶ ሲፈታ፣ መንደሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ግንድ ከግንድ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ ነበር። ዷ ይላል፤ ከዚያ ረዘም ያለ ጸጥታ፤ ከዚያ ደግሞ ዷ። በሰሜን ስዊድን ከጫካው የተቆረጠው ጥድ ሁሉ በወንዝ ተንሳፍፎ ወደ ባሕሩ ዳር መሰንጠቂያዎች የሚወርድበት ዘመን ነው። በግራንሴሌ መንደር ትንሿ ጉንቮር ያን ድምፅ የምታዳምጠው አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ ብርድ ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ስባ ነበር። አባቷ ከወዲያኛው ክፍል «መጡ» ይላል። የሚመጡት ግንዶቹ ብቻ አልነበሩም። ረጃጅም ሜንጦ ይዘው ከግንድ ግንድ እየዘለሉ የተጠላለፈውን የሚፈቱ ጎረምሶችም አብረው ይወርዱ ነበር። ዓመታት አልፈው ጉንቮር ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ከእነዚያ ጎረምሶች አንዱ ቱሬ ሆነ።

ቱሬ ብዙ አይናገርም። በእርግጥ በዚያ አገር ብዙ የሚናገር ሰው አይገኝም፤ አዎ ለማለት እንኳ ቃል አያባክኑም። አፋቸውን ሞጥሞጥ አድርገው ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ሹፕ፣ በቃ። የሌላው ሰው አዎ ከአፍ ይወጣል፤ የእነሱ ይገባል። የደቡብ ሰዎች «ሰሜኖቹ ተስማሙ ወይስ ደነገጡ?» እያሉ ይስቁባቸዋል። ጉንቮር ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመልሳ በወንዙ ዳር «እኔን ታገባለህ ወይስ ግንድህን?» ብላ ስትጠይቀው ቱሬ የመለሰላት በዚያው በሹፕ ነው። በሠርጋቸው ዕለትም ቄሱን እንዲሁ መለሰላቸው። ቄሱ የደቡብ ሰው ነበሩና ሙሽራው ያመነታ መስሏቸው ጥያቄውን ደገሙ። ቱሬ አሁንም ሹፕ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁት ሲሉ የጉንቮር እናት ከፊተኛው ወንበር ተነሥተው፣ «ብሏል እኮ አባ፤ ይቀጥሉ እንጂ!» አሏቸው።

ጉንቮር በመንደሩ ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተማረች። ልጆቹ «ፍሮከን» ይሏታል፤ በዚያ አገር መምህርት የምትጠራው እንዲህ ነው። በጣም የምትወደው ትምህርት ስለ ድምፅ የሚናገረው ነበር። የምትደውል ሰዓት በብርጭቆ ክዳን ውስጥ ታስቀምጥና አየሩን በእጅ ፓምፕ ቀስ እያለች ትስበዋለች። ጩኸቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ይጠፋል።

«መዶሻዋ ስትወዛወዝ ታያላችሁ፤ ሰዓቷ አሁንም እየደወለች ነው» ትላለች። «ታዲያ ለምን አንሰማትም?»

ልጆቹ ጠጋ ብለው ሰዓቷን ያያሉ። አንድ ዓመት ግን የበረዶ ጠራጊው ልጅ ስቲና እጇን አወጣችና፣ «ተቀይማን ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉንቮርም ሳቀች፤ ልጅቷን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳቻትም።

ዘመኑ ሄደ። ግንድ በመኪና መጫን ሲጀምር ወንዙ ዝም አለ፤ ቱሬም እንጨት ሥራ ገባ። እሱ ካረጀ በኋላ የወንዝ ተመራማሪዎች መጡ። ለግንዶቹ መንገድ ሲባል ድሮ ከወንዙ የተለቀመውን ትልልቅ ድንጋይ ወደ ቦታው ሊመልሱ ነው፤ ዓሣ የሚፈለፈለው በድንጋዩ ጥላ ሥር ስለሆነ። ቱሬም አብሯቸው ወረደ። «በጉርምስናዬ ድንጋይ አውጣ ብለው ከፈሉኝ፣ በእርጅናዬ መልስ ብለው ከፈሉኝ» ይላል። «ትንሽ ብቆይ ደግሞ አውጣ ይሉኛል።» ዓሣው ግን እውነትም ተመለሰ።

የጉንቮር ጆሮ ነው መመለስ ያቃተው። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ። ቀጥሎ ከሰው ንግግር ውስጥ ቀጫጭኖቹ ድምፆች፣ «ስ» እና «ፍ»፣ እየተሸረፉ ወደቁ። የጆሮ ሐኪሙ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች አንዴ ከሞቱ እንደማይበቅሉ ነገራት። የሰጣት የመስሚያ መሣሪያም እንደ አሮጌ ሬዲዮ ነበር፤ ሰውን ከነነፋሱ፣ ንግግርን ከነሹካው ኳኳታ አንድ ላይ ያጎርፍባታል። የመንደሩ ትምህርት ቤት ልጅ አጥቶ ሲዘጋ፣ ጉንቮር ከነዝምታዋ ቤት ዋለች።

ስልክ የደወለችላት ስቲና ናት። አድጋ መሐንዲስ ሆናለች፤ ታች በባሕሩ ዳር ከተማ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ፣ ከጆሮ ሐኪሞች ጋር አዲስ ዓይነት የመስሚያ መሣሪያ ትሠራለች። የሚሞክርላት ሰው ፈልጋ ነበር። በዚያ አገር አንቱታ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነውና፣ «ፍሮከን፣ ነይና ጆሮሽን አበድሪኝ» አለቻት።

አዲሱ መሣሪያ ድንቅ ነበር። ነፋስ የለ፣ ሽውታ የለ፣ ጨርቅ ሲታሽ የለ። ጉንቮር ቅቤ መጥበሻ ላይ ሲንጣጣ ሰማች፣ የቱሬን ቢላዋ ሰማች፣ ጎረቤቷ ከወንድሟ ጋር በስልክ የምትጨቃጨቀውን ሳይቀር ሰማች። በዚያው ሰሞን መምህራን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከከተማ ጠሯት። ልጆች በስክሪን ላይ ከማየት ይልቅ በእጃቸው ሲሞክሩ ትምህርቱ እንዴት እንደሚዘልቅ እያጠኑ ነበርና፣ የድሮ ሙከራዎቿን ለወጣቶቹ መምህራን እንድታሳይላቸው ፈለጉ። ጉንቮር በዕድሜዋ ሁሉ ከመንደሯ መውጣት አልተመኘችም ነበር። አሁን ተመኘች። ግን ያለ ቱሬ አይሆንም፤ የቱሬ ነገር ሁሉ ደግሞ ወንዙ ዳር ነው።

በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በሥጋ የተሞላውን የድንች ድቡልቡል፣ ፓልት የሚሉትን፣ ከበሉ በኋላ፣ ቱሬ ጀርባውን ሰጥቷት የዓሣ ቅርፊት ይፍቅ ነበር።

«ቱሬ፣ እኔ ከተማ ልግባ ብል አብረኸኝ ትመጣለህ?» አለችው።

ቢላዋው ቆም አለ። ከዚያ መፋቁን ቀጠለ። ጉንቮር የግድግዳውን ሰዓት ሰማች፣ ቅርፊቱ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ሰማች፣ የቱሬን ድምፅ ግን አልሰማችም። ድሮ ቢሆን ጆሮዬ ነው ትል ነበር። አሁን ሁሉን ትሰማለች፤ ሁሉን የምትሰማ ሴት ዝምታን ስትሰማ ዝምታ ነው። ደግማም አልጠየቀችውም፤ በግራንሴሌ አንድን ነገር ሁለቴ መጠየቅ ሰውየውን ዋሾ ከማለት አይለይም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ ሐዘኗን አባሰው። ቱሬ ጣራው ሥር የተቀመጡ ሣጥኖችን አውርዶ መተላለፊያው ላይ ደረደራቸው፤ ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ቀጥሎ ጀልባውን ለጎረቤት ሰጠ። ጉንቮር በመስኮት ሆና ጀልባው ሲጎተት አየችና፣ ሰውዬው ከእኔም ከወንዙም ተጣልቶ ተስፋ ቆረጠ አለች። በቀረው ዕድሜው ላስከፋው አልፈልግም ብላ ወሰነች። መሣሪያውን ልትመልስ፣ ለጠሯትም ሰዎች «ይቅርብኝ» ልትል፣ በጥር ወር ቱሬ እየነዳላት ወደ ከተማ ወረደች።

ቤተ ሙከራው ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነው። ቱሬ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ጉንቮር መሣሪያውን ከጆሮዋ ሳታወልቅ የመጣችበትን ነገር ለስቲና ነገረቻት፤ ጥያቄዋንም፣ የቱሬንም ዝምታ።

«እንግዲህ ብመልስልሽ ታዝኛለሽ?» አለቻት በመጨረሻ።

ስቲና ኮምፒዩተሯን እያየች ነበር። መልስ የለም።

«እስቲ ተናገሪ። አንቺም እንደሱ ዝም ትይኝ?»

«ዝም መች አልኩ?» አለች ስቲና ቀና ብላ። «አዎ፣ አዝናለሁ፣ አልኩሽ እኮ።»

«አላልሽም።»

«ብያለሁ ፍሮከን።»

«ስቲና፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ጆሮሽ ይቀላል። አሁን አልቀላም፤ እኔም ግን አልሰማሁም።»

ተያዩ። ስቲና ቀስ ብላ፣ ሆን ብላ፣ አፏን ሞጥሞጥ አድርጋ አየር ሳበች። ጉንቮር ከንፈሯ ሲሰበሰብ፣ ትከሻዋ ከፍ ሲል አየች። የሰማችው ነገር የለም።

«እንደገና» አለች ጉንቮር።

ስቲና ደገመችው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«የሰው ድምፅ ከሌላው ለይ ብዬ ማሽኑን ያስተማርኩት» አለች፣ «ሰዎች ከወረቀት ሲያነቡ በቀዳሁት ድምፅ ነው። ወረቀት እያነበበ ሹፕ የሚል ማን አለ? የቀረውን ትንፋሽ ሁሉ ነፋስ ነው፣ ጣለው አልኩት። ፍሮከን፣ እኔ የበረዶ ጠራጊው ልጅ፣ የአባቴን አዎ ነፋስ ነው ብዬ ጣልኩት!» አሁን ጆሮዋ ብቻ ሳይሆን አንገቷም ቀላ። «ደቡቦቹ ባልደረቦቼ ይህን ከሰሙ እስከ ጡረታዬ መሳቂያ ያደርጉኛል።»

ጉንቮር አልሳቀችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

«ማጣሪያውን ማጥፋት ትችያለሽ?»

«ለጊዜው እችላለሁ። ነፋሱም አብሮ ይመጣብሻል።»

«ይምጣ። ቱሬንም ጥሪልኝ።»

ስቲና ኮምፒዩተሯ ላይ ጥቂት ነካካች። በጉንቮር ጆሮ ውስጥ ዓለም እንደ ድሮው መሻከር ጀመረች፤ የአየር ማናፈሻው፣ የሹራቧ እጅጌ፣ የራሷ ትንፋሽ። ቱሬ ገባና ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ቱሬ» አለች። «በጥቅምት ዓሣ ስትፍቅ የጠየቅኩህን ታስታውሳለህ?»

«መልሼልሽ የለም እንዴ?»

«እንደገና መልስልኝ።»

ቱሬ እንደተሰደበ ሰው አያት። ወደ ስቲና ዞረ፤ ስቲና ጫማዋን ታያለች። ከዚያ ጢሙ ውስጥ አፉ ተሰበሰበና አየሩ ገባ፤ ሻካራ፣ አጭር፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማፏጨት የሚያደርገው፣ የእሱና የእሱ ብቻ የሆነው።

ጉንቮር መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገችው።

«ብለህ ከነበረ ጀልባህን ለምን ሰጠህ?»

«ከተማ ወስጄ የት ላስረው ነው? ደረጃው ላይ?»

«ሣጥኖቹስ?»

«ዕቃሽን እንድትከቺበት ነዋ። ከጥቅምት ጀምሮ አንቺን እጠብቃለሁ፤ ሣጥኑን እየዞርሽ ታልፊያለሽ። ሐሳቧን ለውጣለች ብዬ ነበር።» ቱሬ በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ሲናገር ጉንቮር መቼ እንደሰማችው አላስታወሰችም።

«ወንዙ ከባሕሩ ሳይደርስ፣ ድልድዩ አጠገብ፣ የሚከራይ ቤት አለ ብለውኛል» አለች። «መስኮቱ ውኃ ያሳያል። ዛሬውኑ እንየው?»

ስቲና የነፋሱንና የሹፑን ድምፅ እንዴት እንደምትለይ ማውራት ጀምራ ነበር፤ የመንደሩን ሰዎች ሁሉ ጠርታ አዎ እያስባለች እንደምትቀዳ፣ ቱሬ የመጀመሪያው እንደሚሆን። ጉንቮር እጇን አንሥታ አስቆመቻት፤ እያዳመጠች ነበርና።

ቱሬ አየሩን ሳበ። ከዚያ ቆቡን ራሱ ላይ ደፋ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣ ለማንም ደህና ሁኑ ሳይል በሩን ከፍቶ ወጣ።