የመለመልኳቸው ብርቱካኖች

በሐይቅ ዙሪያ ስለ ቅጠል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ ፈልጌም ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ደገምኩ፣ ከዚያ በኋላ ያስተማረኝ የለም። የቀረውን ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። ስኳር የተጠቀለለበትን የወረቀት ቅዳጅ እንኳ ሳላነብ አልጥልም ነበር። ከእነዚያ ቅዳጆች አንዱ፣ ተክል ውሃ የሚጠጣው በሥሩ ሆኖ የሚያወጣው በቅጠሉ ነው ይላል። እኔ ተጻፈ ብዬ ብቻ አላምንም። አንድ ጠዋት የዘይቱን ዛፌን ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ በፌስታል ሸፍኜ አሰርኩት። እኩለ ቀን ላይ ፌስታሉ ከውስጥ አላበው፤ አመሻሽ ላይ አንድ ጉንጭ የሚሞላ ውሃ አጠራቅሞ ነበር። ጎረቤቶቼ «ጠል ነው» አሉ። በማግስቱ ቅጠሉን አራግፌ ባዶውን እንጨት አሰርኩት፤ ጠብታም አልወጣውም። ከዚያ ወዲህ ጠል ያለኝ የለም።

ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን ሰፈራችን አዋጥቶ የውሃ ፓምፕ ገዛ። የአጥር ጎረቤቴ፣ ገና ጎልማሳ ሰው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓምፑን ተማምኖ ሠላሳ የብርቱካን ችግኝ ተከለ። ዓመትም ሳይሞላቸው ጦርነቱ መጣና ከሚሊሻው ጋር ዘመተ። ሲሄድ ለሚስቱ የተናገረውን ከአጥሬ ሆኜ ሰምቻለሁ። «አደራሽን፣ ስመለስ ቆመው ልያቸው» አላት።

መንገዱ ሲዘጋ ነዳጅ ጠፋ፣ ፓምፑም ቆመ። ሴትዮዋ በጀርባዋ ጀሪካን እያዘለች ከሐይቁ ትቀዳ ጀመር። በአምባሰል በኩል ተኩስ ሲበረታ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መውረድ ፈራች።

አንድ ቀን ብቅ ስል ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ቅጠሉ ላይ ትረጫለች። የእኛ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሚጠወልገው ቅጠሉ ስለሆነ፣ እንደ ትኩሳተኛ ፊት ቅጠሉን ያብሳል።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እቴ?»

«አያዩም ጋሼ? አፉ ደርቋል።»

«ቅጠል አፍ አይደለም፤ ፓምፕ ነው። የሰፈሩ ፓምፕ ነዳጅ አለቀበት፣ የዚህ ነዳጅ ግን ፀሐይ ናት። ሥሩ ያገኘውን በእንጨቱ ውስጥ ስቦ ስቦ ወደ ሰማይ ይበትነዋል። አንቺ አንድ ታመጫለሽ፣ እሱ ሁለት ይረጫል።»

«እና ምን ይሁን?»

«ይመልመል። ከሦስት ቅጠል ሁለቱ ይርገፍ።»

ሳቀች። «ወላሂ ጋሼ፣ ከፍየል በምን ተሻሉ? ሲመጣ ፍየል ለቀሽባቸው ነው የሚለኝ!»

«ፍየል ሥሩን ጭድ አያለብስም» አልኳት።

ሳቋን ተወችው። «ቢደርቁብኝስ?»

«እንዲሁ ከተውሻቸውም ይደርቃሉ።»

ሁለት ቀን አሰበችበት። በሦስተኛው ቅጠሎቹ እንደ ሲጋራ ተጠቀለሉ፤ መቀስ ይዛ መጣች። «ቢስሚላህ» ብላ የመጀመሪያውን ራሷ ቆረጠች። እኔ ስመለምል እሷ ውሃውን ከሥር እያፈሰሰች ጭድ ታለብሳለች። በሩ አጠገብ ስንደርስ እጄን ያዘችኝ።

«ይቺን ይተዉልኝ። ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው፤ ባዶ እንጨት አይቀበለው።»

«የምትደርቀው እሷ ናት።»

«አያሟርቱ!»

ተውኳት። ውሃው ለሁሉም እኩል ነበር፣ ጭዱም እኩል። መንደርተኛው ባለፈ ቁጥር «ፍየሉ ሽማግሌ ደህና ዋሉ?» ይለኛል፤ ደህና ዋልኩ እላለሁ። ታጣቂዎች መንደራችን ሲገቡ ለተመለመለ እንጨት ደንታ አልነበራቸውም። የዘይቱኔን ፍሬ ግን ጨርሰው ሄዱ።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሰውየው አንድ እግሩን እየጎተተ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ የመጀመሪያዋን ችግኝ ዳሰሰ፤ ቅጠሏ በእጁ ላይ እንደ ትንባሆ ተፈረፈረ። ቀና ብሎ የቀሩትን እንጨቶች አየ።

«ፍየል ነው?»

«ጋሼ ናቸው» አለች ሚስቱ።

ጎንበስ አለ። ቅጠሉ በተቆረጠበት ብብት ላይ ምስር የምታህል አረንጓዴ እንቡጥ ነበረች። ወደ ሁለተኛው ሄደ፣ ወደ ሦስተኛው፣ እግሩን እየጎተተ ሁሉንም አዳረሰ። ከተመለመሉት አምስቱ ደርቀዋል፤ አንድም አይሞትም ብዬ አላውቅም።

«ይቺንስ ለምን ተዋችኋት?» አለ ወደ በሩ ተመልሶ።

«አንተ እንድታያት» አለችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እሱ ደረቋን ነቀላት፤ ለሚስቱ ግን ክፉ ቃል አልተናገረም። «ሃያ አራቱ ቆመው አይደል ያየኋቸው?» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ፌስታል ይዞ በሬ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ያንን ቅጠል የሚያልበውን ነገር አሳዩኝ።»

ቅርንጫፉን ራሱ እንዲያስር አደረግኩት። ምን እንደሚሆን አልነገርኩትም፤ ዘይቱኑ ሥር በርጩማ ሰጥቼ እስከ እኩለ ቀን አስጠበቅኩት።