ከቅሉ ያልወጣው ባቄላ

ፈንታነሽ ባሏ በሞተ በዓመቱ የወሰን ክርክሯን የተረታችው፣ ዳኛው ወርዶ ማሳውን ሳያይ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ያዛት፤ በእግሩ ሄዶ የሚያይ ዳኛ መሆን። ስምንት ዓመት ሙሉ የጎረቤት ጠብ ስታበርድ፣ ገመድ ይዛ ድንበር ስትለካ ኖረች። ዘንድሮ የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሲመረጥ ስሟን ራሷ ሄዳ አስመዘገበች።

በዚያ ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያስወጣው መንገድ ዳር ባለ ቀበሌ፣ ተወዳዳሪ ከቤቱ ቅል ያመጣል። መራጭ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ አንዲት ባቄላ በወደደው ሰው ቅል ውስጥ ይጥላል። ፈንታነሽ ከእናቷ የወረሰችውን የወተት መናጫ፣ ተፎካካሪዋ ባዩ የዘር ማስቀመጫውን አመጡ።

ተገልብጦ ተቆጠረ። ባዩ መቶ አሥራ ሁለት፣ ፈንታነሽ መቶ አሥር! የባዩ ወገን በእልልታ አቀለጠው።

«አባ ይሻው፣ ድጋሚ ይቆጠርልኝ!» አለች ፈንታነሽ።

አስመራጩ ሽማግሌ አባ ይሻው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቴ ቆጠርነው እኮ፣ ልጄ።»

«የወጣውን ነዋ የቆጠራችሁት! ከመዝገቡ ላይ የመረጠው ሰው ስንት ነው?»

አባ ይሻው ገጹን በጣታቸው ወረዱበት። «ሁለት መቶ ሃያ... ሰባት።»

አምስት ጎደለ። እልልታው ቀጥ አለ።

«ርቦት የቆረጠመ ይኖራል፣ እቴ» አለ ባዩ እየሳቀ። ሳቁ ግን ሳስቷል።

«የኔ ቅል ከግርጌው ቅቤ ይይዛል። ሁልጊዜ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ዛሬ በችኮላ ሳላጥበው ይዤው ሮጥኩ፤ ባቄላ ተጣብቆበት ይሆናል። ይሰበር!»

«የእናትሽ ቅል?» አሉ አባ ይሻው።

«ይሰበር። የባዩም ይሰበር፤ እንዲያውም የሱ ይቅደም። የኔ ብቻ ከተፈተሸ ምኑን ዳኝነት ሆነ?»

ሰው መሸነፉን ይችለዋል፤ ሳይቆጠር መቅረቱን ግን ከልቡ አያወጣውም። ፈንታነሽ ይህን ስምንት ዓመት ተሸክማዋለች።

የባዩ ቅል ተሰነጠቀ። ከአንገቱ ስር አንዲት ባቄላ ዱብ አለች። መቶ አሥራ ሦስት!

አሁን ፈንታነሽ የቀሩት አራቱም ካልተገኙላት አታሸንፍም። ሕዝቡ ክበቡን አጠበበ። መናጫው በድንጋይ ተመታ። አንድ... ሁለት... ሦስት። እኩል ሆኑ።

«ሌላስ?»

«የለም» አሉ አባ ይሻው ስብርባሪውን እያገላበጡ።

ፈንታነሽ ተንበረከከች። የቅሉን ቂጥ አንስታ ብርድ ያረጋውን ቅቤ በጥፍሯ ፋቀች። ጥፍሯ ጠጣር ነገር ነካ። አወጣችው፤ በቅቤ የተለቀለቀች ባቄላ!

«መቶ አሥራ አራት!» አባ ይሻው ዕድሜያቸውን ረስተው ጮኹ። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፤ ከወንዶቹም አንዱ ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ።

ባዩ ባቄላዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «ይሁን። የዘር ቅሌን ግን ማን ይተካልኛል፣ እቴ?»

«ክሰሰኛ!» አለችው በቅቤያም እጇ ትከሻውን መታ አድርጋ። «ቤትህ ድረስ መጥቼ አየዋለሁ።»