ባባ እንደገና ሲመረጥ

ባባን ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ ብዬ ነው የምጽፈው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከደሴ አረብ አገር ስሄድ በሠራተኝነት የገባሁት እሱ ቤት ነው። ትንሽ የገልፍ አገር ናት፤ ፓርላማ አላት፤ እሱ ደግሞ የዚያ ፓርላማ አባል። ጺሙን አስረዝሞ፣ ጀለቢያውን አሳጥሮ፣ ዘፈን ይከልከል፣ ወንድና ሴት አንድ ክፍል አይማሩ እያለ የሚጨበጨብለት ሰውዬ ነው። እኔም ሙስሊም ነኝ፣ የወሎ ልጅ። አባቴ ዕድሜ ልኩን ሲሰግድ ጎረቤት እንኳን ድምፁን አልሰማም። እሱ ግን ማይክራፎን ከሌለ የሚሰግድም አይመስለኝ። ትንሽ አጋነንኩ፤ ብዙ ግን አይደለም።

ሥራውን በሻይ በኩል ነው የማውቀው። ማታ ማታ ወንዶቹ ዲዋኒያ በሚሉት ሰፊ ሳሎን ይሰበሰባሉ። እኔ ፔርሙሱን እስከ በሩ አደርሳለሁ፤ ወንድ እንዳያየኝ ሹፌሩ ይቀበለኛል። ከበሩ ጀርባ ግን ጆሮ አለኝ። ሃይማኖት የሚባለው ነገር ከሰላምታው ጋር ያልቃል። ከዚያ አንዱ ለልጁ ሥራ ይፈልጋል፣ አንዱ በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር መታከም፣ አንዱ የትራፊክ ቅጣት ማሰረዝ። እሱ ስልኩን አንስቶ ለሚኒስትር ይደውላል። በማግስቱ ፓርላማ ገብቶ ስለ ሴት ልብስ ይጮኻል።

ሴቶች ይምረጡ የሚል ሕግ የመጣው እኔ እዚያ እያለሁ ነው። ድምፁ እስኪዘጋ ተቃወመ። ሚስቱ ማዳም ማር በሎሚ እያሟሟች አጠጣችው፤ ጉሮሮው እንዲከፈትለት፣ እሷን እንዲቃወም። ሕጉ አለፈ። ምርጫ ሲደርስ ከወንዶቹ ድንኳን ጎን ሌላ ድንኳን ተተከለ፣ የሴቶች። ምንጣፍ፣ ኬክ፣ ሽቶ። ማዳም ሁለት ስልክ ይዛ አክስቱን፣ ምራቱን፣ ሠርጓ ላይ የተገኘችላትን ሁሉ እየደወለች ጠራች። እኔ ጣፋጭ አዞራለሁ። እሱ ወደ ድንኳኑ ዝር አላለም፤ ሴት አያይማ። አሸነፈ። በጉ የታረደው ለወንዶቹ ነው።

ከዚያ እኔ ወደ አገሬ ተመለስኩ፣ ዲቪ ደረሰኝ፣ ሲያትል መጣሁ። ሬኒየር ቫሊ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቼር እገፋለሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ማዳም ኮል አደረገችኝ፤ ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ያሳደግኳት ልጇ እዚሁ ከተማ ኮምፒውተር ልትማር ነው። እሱ ለመራጮቹ፣ ልጄ የምትኖረው ፈሪሃ አላህ ካላቸው ቤተሰብ ጋር ነው ብሎ ነግሯቸዋል። ቤተሰቡ እኔ ነኝ። ባል የለኝም፤ ልጅቷ የምትተኛው ሶፋዬ ላይ ነው። እታለም ትለኛለች፤ ከኔ የተማረችው አማርኛ ይሄና ስድብ ነው።

አንድ ሴሚስተር ሲቀራት እዚያ ፓርላማው ተበተነና ምርጫ ተጠራ። የተቀናቃኙ ሰዎች ፎቶ አገኙ፤ ልጅቷ ከክፍሏ ወንዶች ጋር አንድ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሳ። ትዊተር ላይ ለጠፉት፤ የኛን ልጆች ይለያያል፣ የሱ ልጅ ግን ይኸውና አሉ። ስለዚህ ጉልበቱን ሊታከም ነው ተብሎ መጣ። ከአውሮፕላኑ በር ጀምሮ ዊልቼሩን የገፋሁት እኔ ነኝ። ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ ስመለስ ይዣት ነው የምሄደው፣ ትምህርቱ በቃ አለ። ወንበሩን መልቀቅ አማረኝ። ቁልቁለት ላይ ነበርን።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ የምትተኛበት ሶፋ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ልጅቷ መሬት ተቀምጣ ለመነችው። አንድ ሴሚስተር፣ ከዚያ በፈለግከው አውሮፕላን አለችው። እሱ የሕዝብ አደራ ከአንድ ሰው ትምህርት ይበልጣል እያለ ጺሙን ያፍተለትላል። አላስቻለኝም።

«ባባ፣ የሕዝቡ አደራ ነው ወይስ የፓርላማው ወንበር?» አልኩት።

«አንቺ ሻይ አምጪ» አለኝ። በገዛ ቤቴ። አመጣሁለት።

ልጅቷ ያን ጊዜ ለእናቷ ደወለችና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። እዚያ መሽቷል። ማዳም ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ድንኳኖቹ ተተክለዋል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሁለቱም ተተክለዋል አላት።

«የሴቶቹን አስነቅለው» አለችው።

ምን ማለትሽ ነው አላት።

«ልጄ ትምህርቷን ካልጨረሰች በዚህ ሰፈር የማውቃት አንዲት ሴት የለችም። አንተ እንደሆንክ ሴት አታይ፤ ማን ሊቀበላቸው ነው?» ብላ ዘጋችው።

ጉልበቱን ማሸት ጀመረ። ሰውየው እንዴት እንደሚያስብ በዓይኔ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ፈትዋው፣ የሃይማኖት ፍርዱ፣ ተገኘ። የሙስሊም ሴት ልጆችን ሴት ልታስተምራቸው ይገባል፤ እንድታስተምር ደግሞ አስቀድማ መማር አለባት፤ እኔ ልጄን የላክኋት ለዚህ ነው አለ። ሁለቴ ደገመው፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁን ሞቅ አድርጎ። ልጅቷ እጁን ሳመች። እኔ ብርጭቆውን አነሳሁ።

አገሩ ተመልሶ ያንኑ በቴሌቪዥን አለው፤ የመራጮቹ ዓይን እንባ አቀረረ። የሴቶቹ ድንኳን ሞላ፣ ተመረጠ። ገብቶ ሳይደላደል የጠየቀው በዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ወንድና ሴት እንዲለያይ ነው፤ ፈቀዱለት። ለወንድና ለሴት ለየብቻ ክፍል መክፈት ያልቻለ ዲፓርትመንት የሴቶቹን ዘጋ። ከተዘጉት አንዱ ልጅቷ እህቴ የምትላት የአክስቷ ልጅ የምትማርበት ነው፤ ያውም ኮምፒውተር። ለልጅቷ የጻፈችላት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ፣ አንቺ ትጨርሻለሽ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አልገልጥ አለች። ክፍል መግባት ቀረች። ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ እናቴ ያን ሁሉ ሴት የጠራችው ለኔ ብላ ነው፣ የእህቴን ክፍል የዘጋሁት እኔ ነኝ ትላለች። ማዳም ብትደውል አታነሳም። ፈተና ደርሷል።

ማባበል አልችልበትም። ከሺፍት ደክሞኝ ገብቼ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

«ልተወው እታለም?» አለችኝ።

«ብትተዪው የእህትሽ ክፍል ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

«እንግዲያው ተነሺ። አንቺም ካልጨረስሽ እኮ አባትሽ በሴቶቹ ድምፅ በነፃ ተመረጠ ማለት ነው።»

ልብ የለሽም አለችኝ፤ በአማርኛ ነው ያለችኝ። ፊቷን ታጠበች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ በሩን ደረገመችው። በመስኮት ሳይ ወደ ባቡሩ በሩጫ እየወረደች ነበር። ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። ፈተናዋን ግን ተፈተነች።