የምርመራ ጎማ

«መኪናሽን ሽጪ» ያላለኝ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው። ልጄ ትለኛለች፣ ደላላው ይለኛል፣ ቤንዚን ልቀዳ ስሰለፍ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ሳይቀር ወርዶ መስኮቴን ያንኳኳና «ማዘር፣ ዘመኑ እኮ የኤሌክትሪክ ነው፣ ይቺን ይዘሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። «አንተስ እዚህ ሰልፍ ላይ ምን ትሠራለህ?» እለዋለሁ። መኪናዬ ቶዮታ ዲኤክስ ናት፤ ከልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። ድሮ ነጭ ነበረች፣ አሁን ቀለሟን የሚያውቀው ሊብሬው ብቻ ነው። የሾፌሩ በር ከውስጥ እምቢ ብሏል፤ መስኮቱን አውርጄ፣ እጄን ወደ ውጭ ሰድጄ ነው የምከፍተው። ጠዋት ስትነሳ ታስላለች። እኔም ጠዋት ጠዋት አስላለሁ፣ እኔን ግን ሽጧት ያለ የለም።

ሥራዬ እንቁላል ማከፋፈል ነው። ከዶሮ እርባታ እቀበልና ለመካኒሳ አቦና ለነፋስ ስልክ ሱቆች አደርሳለሁ። ከቤቴ፣ ከሀና ማርያም፣ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ግማሹ ኮብልስቶን፣ ግማሹ ጉድጓድ ነው። በዚያ መንገድ የኋላ ወንበር ላይ እንቁላል ደርድሬ፣ በሳምንት ሁለት ቢሰበርብኝ ነው። ይህን የማይችል ሰው ስለ መንዳት ባያስተምረኝ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ የምለው ሰፈሩ በጎማ ምክንያት ስሜን ስላነሳው ነው። «ባሏ ከሞተ ወዲህ ክፉ ሆነች» ተባለ። «ጎረቤቷን ሽማግሌ ፊት አቆመችው» ተባለ። ውሸት ነው! ሽማግሌ የተላከው በእኔ ላይ ነው።

ባለቤቴ በሕይወት እያለ ከግድግዳ ጎረቤታችን ጋር አንድ ብልሃት ነበራቸው። ጎረቤታችንም ዲኤክስ አለው፣ ከእኛዋ ጋር መንታ ናቸው ብትሉ ይቀላል። ሁለቱ አዋጡና አራት አዲስ ጎማ ከነቸርኬው ገዙ። ገዝተው ሲያበቁ ነዱበት? ኧረ ወዲያ! በላስቲክ ጠቅልለው የእኛ ዕቃ ቤት ቆጥ ላይ ሰቀሉት። በዓመት አንድ ጊዜ የመኪና ምርመራ ሲደርስ ጎማዎቹ ይወርዳሉ። ዛሬ ለእኛ ይታሰራሉ፣ እናልፋለን፣ ቦሎአችንን እንለጥፋለን። በነጋታው ለእሱ ይታሰራሉ፣ እሱም ያልፋል። ከዚያ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ወደ ቆጣቸው ይመለሳሉ። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በተላጠ ጎማ ስንነዳ እንከርማለን።

ለምርመራ ጎማ መዋስ እንኳ በከተማው ያለ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ጎማ ገዝቶ ለምርመራ ብቻ ማስቀመጥ ግን የእኛ የሁለቱ ቤቶች ፈጠራ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። እኔስ ምን አልኩ? ምንም። አልዋሽም፣ እንዲያውም ብልሆች ነን ብዬ ኮርቻለሁ። ጎማዎቹን በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔው ነበርኩ።

ባለቤቴ ታሞ አረፈ። የቤቱ ነገር እኔ ላይ ወደቀ፣ እንቁላሉን ጀመርኩ፣ መሪውን ያዝኩ። ጎማዎቹ ቆጣቸው ላይ ቀሩ።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ እንቁላሌን ጭኜ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነበር። ታች ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች መንገዱን ያቋርጣሉ። ፍሬን ያዝኩ። ፍሬኑ ያዘ፣ ጎማው አልያዘም። መኪናዋ እርጥቡ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች፤ መሪውን ባዞር አትሰማኝም፣ ክላክስ አደርጋለሁ፣ ልጆቹ ደግሞ ቆመው ያዩኛል። «እመቤቴ ማርያም!» ስል የቀኝ ጎኗ ከቦዩ ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመች። በእኔና በልጆቹ መካከል የአንድ ክንድ ያህል ነበር።

እንቁላሉ ሁሉ ወደ ፊት መጥቶ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ልጆቹ እሱን አይተው ሳቁ። እኔ ልወርድ ፈለግሁ፣ ግን የመስኮቱን እጀታ ወደየት እንደማዞር ጠፋኝ። በሩን ከውጭ የከፈተችልኝ ከልጆቹ አንዷ ናት፣ ልገጫት የነበርኩት ልጅ። «እማማ፣ ተሰበረብሽ» አለችኝ።

የዚያኑ ዕለት አራቱን ጎማዎች ከቆጥ አወረድኩና አሳሰርኩ። የተላጡትን ለጎሚስታው ጣልኩለት። አገላብጦ አያቸውና «ለበረባሶ እንኳ አይሆኑም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአዲሱ ጎማ እየነዳሁ እንቁላሌን ማድረስ ያዝኩ። መኪናዋ እንዴት መሬት እንደምትይዝ ያኔ ነው ያወቅሁት።

የምርመራ ተራችን ሲደርስ ጎረቤቴ መጣ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ! ባለቤቴ ሲታመም ሆስፒታል ያመላለሰው እሱ ነው፣ ሌሊት ቀን ሳይል፣ አንድ ቀን ፊቱ ሳይጠቁር። ኑሮው የሰፈር ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ ነው፤ ጠዋት አምስት ልጆች ይጭናል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ከአምስቱ አንዷ የልጄ ልጅ ናት፤ እናቷ በጠዋት ሥራ ትገባለች፣ እኔም በዚያ ሰዓት እንቁላል ልቀበል እሄዳለሁ።

«እህቴ፣ ጎማዎቹን ላውርዳቸው?» አለኝ።

«ወርደዋል።»

«የት አሉ?»

«መኪናዬ ላይ። እየነዳሁባቸው ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። «አዲሱን ጎማ? በዚህ ኮብልስቶን?»

«ጎማ ለምን ተሠራ ታዲያ?»

«እሺ፣ ይሁን። ነገ ልፍታቸውና ምርመራውን ልለፍ፣ ከነገ ወዲያ እመልስልሻለሁ።»

«ከዚያ ልጆቹን በዚያ በተላጠው ልትጭናቸው? አይፈታም።»

«ግማሹ እኮ የኔ ነው።»

«መቼ ካድኩህ? ሁለቱን ዛሬውኑ ውሰድ። ግን ካሰርካቸው አትፈታቸውም።»

«በሁለት ጎማ ማን ያሳልፈኛል?» አለና ሄደ። በሩን እንኳ ሳይዘጋ ነው የሄደው፣ እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።

ማታ ልጄ ሰማች። «እማዬ፣ ልጄን ከሱ መኪና እናውጣትና ነገሩ ይለቅልን» አለች። «ከራስ በላይ ነፋስ።»

«የቀሩት አራቱ ልጆችስ?»

«እነሱ የሰው ልጆች ናቸው፣ እናት አባት አላቸው።»

«ያቺ በሩን የከፈተችልኝም የሰው ልጅ ናት» አልኳት። ተናድጄ ነበር፣ በእሷ ሳይሆን በራሴ። አምስቱ ልጆች በተላጠ ጎማ ሲሄዱ፣ እንቁላሉን ከመጀመሬ በፊት ስንት ዓመት በራፌ ላይ ቆሜ «በሰላም ግቡ» ብያለሁ! ጎማው ደግሞ እኔ ቆጥ ላይ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የእድራችን ዳኛ ሁለት ሽማግሌዎችና ጎረቤቴን አስከትለው መጡ። ሻይ አቀረብኩ፣ የነካው የለም።

«ልጄ» አሉኝ ዳኛው፣ «የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል። ይሄ ሰው ለባለቤትሽ ምን እንዳደረገ እኛም አንቺም እናውቃለን። ጎማ ለአንድ ቀን ብትሰጪው ምን ይጎድልሻል?»

«አባባ፣ የአንዱ ቀን ነገር አይደለም ያስቸገረኝ» አልኳቸው። «የቀረው ዓመት ነው።» ከዚያ የጥቅምቱን ነገርኳቸው፣ እስከዚያ ቀን ለማንም ያልተናገርኩትን፤ መንሸራተቱን፣ የአንድ ክንዱን፣ በሩን የከፈተችልኝን ልጅ።

ዳኛው «እግዜር ጠብቋል» አሉ።

«ጠብቋል። ታዲያ ሁልጊዜ እሱን ጎማ ልናደርገው ነው?»

ዳኛው አማተቡ። አንደኛው ሽማግሌ «ኧረ ተይ ልጄ!» አሉኝ። እኔ ግን ብሶብኛል፣ ማን ያቆመኛል!

«እሺ፣ ስሙኝ» አልኩ። «አራቱንም ይውሰድ። ውሰትም አይደለም። የኔን ሁለቱን ሰጥቼዋለሁ፣ በእናንተ ፊት። አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። አንዴ ካሰረ በኋላ ፈትቶ ቆጥ ላይ እንደማይሰቅላቸው ይማልልኝ።»

ዳኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጴንጤ እኮ ነው፣ አይምልም» አሉኝ።

ጎረቤቴ ሰማ። «እኔ መማል አልምልም» አለ። «የኛ ቃል አዎ ወይም አይደለም ነው።»

«ጎሽ! እኔስ ከዚህ የበለጠ ምን እፈልጋለሁ? አዎ በለኝ።»

ሻዩን አየ፣ በሩን አየ። የኔ ሃይማኖት ሰው ቢሆን ኖሮ በታቦቱ ምሎ ተገላግሎ ነበር፣ ራሴን ስለማውቅ ነው የምለው። እሱ ግን «አዎ» የምትለዋን አንዲት ቃል ለማውጣት አልቻለም፣ ለምን፣ ከምርመራው ማግስት ሊፈታቸው ነዋ! ሊዋሸኝ አልፈለገም። ያን ጊዜ አከበርኩት፣ ግን አልለቀቅሁትም።

«ምነው?» አልኩት።

«አዲስ ጎማ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ካለቀ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ሲያልቅ ማየቱ ያሳዝናል።»

«ልጅ ከሚያልቅ ጎማ ይለቅ!»

መጮኼን ያወቅሁት የልጄ ልጅ ከጓዳ ብቅ ስትል ነው። ጠዋት ጠዋት ከኋላው የምትቀመጠው እሷ ናት። ጎረቤቴ እሷን አያት፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

«አንቺስ በምን ልትነጂ ነው?» አለኝ።

«የኔን ለኔ ተወው።»

«አዎ» አለ።

በዚያው ከሰዓት ጎማዎቹን ራሱ ፈታቸው። መኪናዬን ብሎኬት ላይ አቆምናት፣ እሱም ክሪኩን ሲያወርድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሱ መኪና ላይ ከታሰሩ በኋላ የልጄን ቀይ የጥፍር ቀለም አመጣሁና ከእያንዳንዱ ብሎን ወደ ቸርኬው አሻግሬ መስመር አሰመርኩ። ብሎኑ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የተላጡትን አጥርህ ጥግ ደርድረሃቸው አይቻለሁ።»

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው።»

«እኔም ለክፉ ቀን ብዬ ነው።»

ምርመራውን አለፈ። የኔ ቦሎ ግን ጊዜው አለፈበት፣ ይኸው መስታወቱ ላይ እንደተለጠፈ አለ። ደላላው መጥቶ «አሁንስ ትሸጫለሽ፣ ቆማለች» አለኝ። «ቆመች እንጂ አልሞተችም» ብዬ ሸኘሁት። እንቁላሌን በታክሲ ነው የማደርሰው፣ እያቀፍኩ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ እየተመላለስኩ። ረዳቱ «ማዘር፣ እንቁላሉ ሊከፍል ነው?» ሲለኝ «ከሰበርከው አንተ ነህ የምትከፍለው» እለዋለሁ። ይከብደኛል፣ ወገቤን ያመኛል፣ መኪናዬ ትናፍቀኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብሎኬቷ ላይ እንዳለች ገብቼ ሞተሯን አስነሳታለሁ። ታስልና ትነሳለች። በአጥር የሚያዩኝ «ዛሬ የት ደረስሽ?» ይሉኛል። «ናዝሬት» እላቸዋለሁ። ይሳቁ! ጎማ እገዛለሁ፣ አትጠራጠሩ። ስገዛም ልጨርሰው ነው የምገዛው።

ከዚያ ወዲህ እንቁላል የምቀበልበትን ሰዓት አዘግይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲሳፈሩ በራፌ ላይ እቆማለሁ። «በሰላም ግቡ» ከማለቴ በፊት መኪናዋን ዞሬ አራቱንም ጎማ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቀዩ መስመር አለ? አለ። ከዚያ እሸኛቸዋለሁ። ልጄ በሰው ፊት አሳፈርሽው ትለኛለች። ይፈር፣ እኔም አፍሬአለሁ።

ሰሞኑን የበልጉ ዝናብ ጀመረ። ትናንት ጠዋት ጎረቤቴ ከላይ ሲመጣ መንገዱ እርጥብ ነበር። ፍሬን ያዘ። መኪናዋ ደጃፌ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ እንደልማዴ ጎንበስ አልኩ።

«ዛሬም?» አለኝ በመስኮቱ።

«ዛሬም።»

«መቼ ነው የምታምኚኝ?»

«ጎማው ሲያልቅ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ዝናቡ ላይ አጠገቤ ቁጢጥ አለና አውራ ጣቱን በጎማው ጥርሶች መካከል ከተተ። ድሮ ጥፍሩን እስከ ሥሩ ይውጥ የነበረው ጎማ አሁን ጥቂት ያስተርፋል።

«ይኸው፣ ማለቅ ጀምሯል» አለኝ።

«እሰይ» አልኩ። «በል ሂድ፣ ልጆቹ እንዳይረፍድባቸው።»