ያለ ስኳር የጠጣነው ሻይ

ልጆቹ «እምዬ፣ እግርሽ እንዴት እንደተረፈ አውሪን፣ እንጽፈዋለን» ስላሉኝ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አወራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ።

ደሴ ሆስፒታል ተኝቼ ከታከምኩበት ስወጣ ሐኪሙ ወረቀቱን ለልጄ ሰጠና ወደኔ ዞረ። «እማማ፣ ስኳርዎ ካልወረደ የእግርዎ ቁስል አይድንም። ካልዳነ ደግሞ መቁረጥ ሊመጣ ነው። በወሩ ይምጡ» አለኝ። እኔ ደጋን እህቴ ጋ፣ ኮምቦልቻ ልጄ ጋ ስል የምውል ሰው ነኝ። ያለ እግር ምን ልሆን ነው?

ሐርቡ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ግን ደስ አለኝ። ቤቴ ነዋ።

ጠያቂው ደጁን ሞልቶታል። የኛ ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ስኳር በኪሎ፣ ለስላሳ በጠርሙስ። «አብሽሪ፣ ጠጪ፣ ደምሽ ይመለስ» ይሉኛል። ከፍተው የሰጡኝን እንዴት እመልሳለሁ? ጠጣሁ። በሳምንቱ ቁስሌን ልታጥብ የመጣችው ነርስ ስኳሬን ለካች፤ ወጥቶ ብታገኘው መልሳ ለካችው።

«ምን ጠጥተው ነው?»

«ሰው ያመጣውን።»

ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታለች። በማግስቱ አንዱ ጠያቂ ጠርሙስ ሲከፍት ከእጁ ተቀበለችው። «እሷም እኔም አንጠጣም። እኔም ስኳር አለብኝ» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?» አልኳት።

«ሁሉን ላንቺ ልነግር ነው?»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን ስወስድ ትመጣለች፤ ሻያችንን ያለ ስኳር እንጠጣለን። ፊቷን እያጨማደደች «ሬት ነው ወላሂ» ትላለች፤ ግን ትጨርሰዋለች። ጠያቂውም ሁለት ሴት እምቢ ሲሉት ጊዜ ቅር ሳይለው ሎሚና ቆስጣ ይዞ ይመጣ ጀመር።

በወሩ ደሴ ሄድኩ። ሐኪሙ ጨርቁን ፈታ፤ ቁስሉ ዳር ዳሩን ሥጋ ሞልቷል። «በሉ እማማ፣ እግሩ የእርስዎ ነው» አለኝ። አልሀምዱሊላህ፣ ይኸው እስካሁን እሄድበታለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አምና፣ ጎረቤቴን ለዓይኗ ሞራ ደሴ ወሰድናት። እዚያ ያለችው ነርስ «የስኳር ሕመም አለብዎ?» ስትላት እኔ ቀድሜ «አዎ፣ የቆየ ነው፤ መድኃኒት ስትወስድ ግን አይቻት አላውቅም» አልኩ። ነርሷ ለካቻትና «ኧረ ምንም የለባቸውም» አለች።

ጎረቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ትስቃለች።

«ኖሮብኝም አያውቅ» አለችኝ።