ሁለት ቁጥር የሰፋ ፊን

በጥር ወር ሦስተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ላንጋኖ ሐይቅ ውስጥ ከዳርቻው ስልሳ ሜትር ያህል ርቄ ሳለሁ የግራ እግሬ ፊን ወልቆ ሰመጠ። ሰዓቱን ጀልባዋ ላይ የነበሩት አሠልጣኜ ይዘውታል። ርቀቱን በዋዜማው ቋጠሮ ባለው ገመድ ለክተነዋል።

ፊን ጠላቂዎች እግራቸው ላይ የሚያጠልቁት የጎማ መቅዘፊያ ነው። ከተረከዝ እስከ ጣት እንደ ጫማ ይለበሳል፣ ከጣት በኋላ እንደ ዳክዬ እግር ተዘርግቶ ይቀጥላል። የእኔ ጥቁር፣ ረጅምና ደረቅ ነበር። ሲሰምጥ አላየሁትም። የላንጋኖ ውሃ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ እጅህን እስከ ክርንህ ብትነክር ጣትህን አታየውም።

ያን ጠዋት የመጣሁት ለፈተና ነው። አዳማ ላይ በውሃ የተወሰዱ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ የሚፈልግ ትንሽ ቡድን አለ። የአየር ሲሊንደር የለንም፤ በራሳችን ትንፋሽና በገመድ ነው የምንጠልቀው። ደንቡ አጭር ነው፦ ሁለት ሰው ውሃ ውስጥ፣ ሁለት ሰው ገመዱ ላይ። ከአራት ካነሱ ቡድኑ አይወጣም። አንደኛው አባል ሥራ ቀይሮ ከአገር ከወጣ ወዲህ ሦስት ሆነው ቀርተዋል። እኔ ካለፍኩ አራት ይሆናሉ።

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ስሠራ በሐይቆቹ ዳር ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ፣ ከሚጠብቁት ቤተሰቦች ጎን። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ ሳይቀመጡ ሲጠብቁ አይቻለሁ። የጻፍኩት ዜና ሲወጣ አራት መስመር ነበር። ዋና የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሶደሬ መዋኛው ውስጥ፣ ከልጆች ጋር ተሰልፌ።

ፊኑን የገዛሁት አዳማ ሰልባጅ ተራ ነው። ሻጯ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጫማና ቦርሳ ሸራ ላይ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት ነች።

«አካም ቡልቴ፣ ወንድሜ። ምን ላንሳልህ?»

«ያ ጥቁሩ።»

አነሳችውና አገላበጠችው። «ይሄ እኮ እዚህ ከተቀመጠ መንፈቅ ሆነው። ሰው ሁሉ እያነሳ ይስቅበትና ይሄዳል። አንተ ደግሞ አዳማ ላይ ባሕር የት አግኝተህ ነው?»

«ላንጋኖ።»

«ላንጋኖ ሰው ዓሣ ሊበላ ነው የሚሄደው!»

ጎማው ተሰንጥቆ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከየት እንደመጣ ጠየቅኋት። ሌላ ቁጥር እንዳላት ጠየቅኋት፤ የላትም። ቁጥሩ አርባ አራት ነው። የእኔ እግር አርባ ሁለት ነው።

«ይስፋህ። ካልሲ ታደርግበታለህ» አለችኝ።

እዚያው በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ካልሲዬን ሳላወልቅ አጠለቅሁት። ከዚያ ያደረግሁትን ያደረግሁት ሳላስበው ነው። አውራ ጣቴን ከተረከዜ ኋላ አስገባሁ። ጣቴ ገባ። «ጥሩ ነው» አልኩ።

እናቴ በየመስከረሙ የትምህርት ቤት ጫማ ስትገዛልን የምትለካው እንደዚህ ነበር። አውራ ጣቷ ከተረከዛችን ኋላ ካልገባ ጫማው ጠበበ ተብሎ ይመለሳል። ከገባ «ለከርሞም ይሆነዋል» ትላለች፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ይወሸቅበታል፣ እኛም ቋ ቋ እያደረግን ትምህርት ቤት እንሄዳለን። በሰፈራችን እንዲህ የማያደርግ ቤት አልነበረም። ጫማው ልክ የሚሆነን አብዛኛውን ጊዜ ሶሉ ሲያልቅ ነው። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም ፊን ስገዛ አውራ ጣቴ ቀደመኝ።

ስለ አንድ ወሬ ሦስት ሰው ሳልጠይቅ አልጽፍም። ስለ ጎማውም ጠይቄአለሁ። እግሬን ግን አውቀዋለሁ ብዬ ማንንም አልጠየቅሁም።

አሠልጣኜ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ሶደሬ ላይ ፊኑን መጀመሪያ ሲያዩት እግሬን ሳይሆን ፊቴን ነው ያዩት።

«ማን መረጠልህ?»

«ራሴ።»

«ረጅም ነው። ደረቅም ነው። ለጀማሪ አይሆንም። ሰፋ ያለም ይመስለኛል። ቀይረው።»

«እሺ፣ እቀይረዋለሁ» አልኩ። አልቀየርኩትም። ጫፉ ላይ ጨርቅ ወሸቅሁ፤ ተረከዙን ከመኪና ከመነዳሪ በቆረጥኩት ጎማ አሰርኩት። ሶደሬ ላይ ያዘ። መዋኛው አጭር ነው፤ ግድግዳውን በእግሬ ገፋ አድርጌ ስነሳ ግማሹ መንገድ ያልቃል። ስለዚህ ፊኑ ይሠራል ብዬ ደመደምኩ። ይህ ድምዳሜ በአንድ ምንጭ ላይ የቆመ ነበር።

ላንጋኖ ላይ የሚገፋ ግድግዳ የለም። ፈተናው ተንሳፋፊ ጀሪካን እስከታሰረበት ቦታ መዋኘት፣ በገመዱ ወደ ታች መጥለቅ፣ እዚያ በጆንያ የተቀመጠ ድንጋይ ይዞ መውጣትና መመለስ ነው። ጀሪካኑ ጋ ደረስኩ። ተገልብጬ ውሃውን ሁለት ጊዜ በኃይል በእግሬ ስመታ ግራው በድንገት ቀለለኝ። አንድ እግሬ ብቻ እየገፋኝ ወደ ጎን ዞርኩ። ገመዱን ይዤ ባዶ እጄን ወጣሁ።

አጠገቤ የምትዋኘው የቡድኑ አባል ናት፤ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት።

«ምን ሆንክ?»

«ወለቀ።»

«ምኑ?»

«ፊኑ።»

ሁለት ጊዜ ጠልቃ በእጇ ዳበሰች። አላገኘችውም።

ዳር ስንወጣ አሠልጣኙ የቀረውን የቀኝ ፊን ከእግሬ ላይ አወለቁት። እጃቸውን ከተው ጨርቁን ጎትተው አወጡት። ውሃው እየተንጠባጠበ ከፍ አድርገው ያዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ።»

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«አርባ ሁለት።»

«ይሄስ?»

«አርባ አራት።»

«ጋሼ፣ ለከርሞ እንዲሆነው ነዋ!» አለች ልጅቷ። «ልጁ ገና እያደገ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ዛሬ አላለፍክም። የሚመጣው ቅዳሜ» አሉኝና ገመዱን መጠቅለል ጀመሩ።

በማግስቱ እሁድ ሶደሬ መዋኛ ዳር አስቀመጡኝ። ካልሲዬን አስወለቁኝ። እግሬን ሩብ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ አስነከሩኝ፤ ሦስት ጥንድ ፊንም አብረው ነከሩ።

«ደረቅ እግር ይዋሻል» አሉ። «ጎማና ቆዳ ሲደርቁ ይያያዛሉ፣ ውሃ ሲገባ ይንሸራተታሉ። ፊን የሚለካው በእርጥቡ፣ በባዶ እግር ነው።»

የመጀመሪያው ጥንድ ረጅም ነበር። ጫፉን በእጄ እንዳጥፈው አደረጉኝ፤ በጭንቅ ታጠፈ። «ይሄን ደረቅ ነገር የሚገፋው ባትህ ነው። ባትህ ገና አልተማረም፤ ውሃ መሃል ጨምድዶ ይይዝሃል።» ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ግን ጠበበኝ። ወዲያው አላወለቁልኝም። አሥር ደቂቃ ስቆይ ትንሿ ጣቴ ደነዘዘች፤ ያን ጊዜ «ይሄም አይሆንም» አሉ።

ሦስተኛው ቢጫው የለቀቀ፣ አጭር፣ ሲያዩት ደስ የማይል ነበር። የልጅቷ አሮጌ ፊን ነው። አጠለቅሁት። አውራ ጣቴ ወደ ተረከዜ ሲሄድ አዩኝና እጄን መታ አደረጉት።

«እጅህን ተው። እግርህን አንሳና አየር ላይ ምታ።»

መታሁ። አልተንቀሳቀሰም።

«አሁን አውልቀው።»

ስጎትተው ጭቃ ውስጥ የገባ ቦቲ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ። «ይሄ ነው» አሉ።

«ውሰደው» አለች ልጅቷ። «ግን ጨርቅ ያገኘሁበት ቀን እቀማሃለሁ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከቡልቡላ አንድ ሰው ደወሉ። ታናሽ ወንድማቸው ከብት ሲያሻግር ወንዝ ወስዶታል፤ ከሰኞ ጀምሮ እየፈለጉት ነው። አሠልጣኙ ስልኩን ያነሱት እኔ ባለሁበት ነው። ቦታውንና የውሃውን ፍጥነት ጠየቁ። ከዚያ ቡድኑ እንዳልተሟላና መምጣት እንደማይችል ነገሯቸው። ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁ።

«እኔ አለሁ እኮ» አልኳቸው ስልኩን እንደዘጉ። «ፊኑም ልኬ ነው።»

«ልክህ እንደሆነ መዋኛ ዳር አይቻለሁ። ወንዝ ውስጥ አላየሁም።»

«ሰውዬው እየጠበቁ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። እሳቸውን ብዬ አንተን ለወንዝ አልሰጥም። ቅዳሜ ብታልፍ ኖሮ ይህን አንነጋገርም ነበር።»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ለሰውዬው ራሴ ደወልኩ። ማንነቴን ነገርኳቸው፤ ከቡድኑ መሆኔን፣ አራተኛው ሰው ያልተሟላው በእኔ ምክንያት መሆኑንም።

«ዛሬ ንጋት ላይ ገበሬዎች አገኙት» አሉኝ። «ውሃው ራሱ ዳር አውጥቶታል። ልንቀብር ነው። ስለደወልክ ፈጣሪ ይስጥልኝ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። አራት ብንሆን ማክሰኞ እናገኘው ነበር ወይ? አላውቅም፤ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። የተረጋገጠው ማክሰኞ ሦስት እንደነበርን፣ ሦስት የሆንነውም እኔ ቀይረው የተባልኩትን ሳልቀይር ስለቀረሁ መሆኑ ነው። ይህን ደብተሬ ላይ ቀኑን ከላይ አድርጌ እንደ ማንኛውም ዜና ጻፍኩት። ከአራት መስመር አላለፈም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ላንጋኖ ላይ ነፋስ ሳይነሳ ደረስን። ዳር ተቀምጬ እግሬንም ፊኑንም ሩብ ሰዓት ነከርኩ። ልጅቷ መጥታ በሁለቱም ፊኖች ውስጥ ጣቷን ሰድዳ ፈተሸች፤ ምንም አላገኘችም። አሠልጣኙ ጀልባዋ ላይ ወጡ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ገባሁ። ጀሪካኑ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ሰብስቤ ተገለበጥኩ፤ በዝግታ መታሁ። ወደ ታች ስወርድ ውሃው ከሻይነት ወደ ጥቁር ተለወጠ። ጆንያውን ያገኘሁት በእጄ ዳብሼ ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ ድንጋዩን ይዤ ዳር ወጣሁ። ሁለቱም ፊኖች እግሬ ላይ ነበሩ።