ጡጫ ያገለገለ ሞተር ሲገዛ

ሰውየው በእናት አባቱ ስም መጠራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በፊቱ «ጋሼ» ይሉታል፤ ጀርባውን ሲያዞር «ጡጫ»። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሃያ ዓመት አብረውት እንጨት ሲተክሉና ሽቦ ሲወጥሩ የኖሩት አጥር ሠራተኞች ናቸው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ ሰው ሳይመታ ያለፈበት ወር መኖሩን የሚያስታውስ የለም። ስለ እርሱ የሚነገር መልካም ነገር ፈጽሞ የለም ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ ጡጫ የተከለው አጥር አይወድቅም። ለእንጨትና ለሽቦ የነበረው ጥንቃቄ ለሰው ሳይተርፍ ቀረ እንጂ።

ከሥራው ሲወጣ ከታች ምንጭ፣ ከላይ ግጦሽ ያለው ተዳፋት መሬት ገዛ። በሁለቱ መካከል ያለውን ዳገት ጤነኛ ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሳይተነፍስ አይወጣውም። ለአሥራ አራቱ ላሞች በየቀኑ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ የምታወጣው ልጁ ነበረች። ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፤ የሄደች ዕለት ግራ ክንዷ በፋሻ ታስሮ ነበር። ልጅቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ትከሻዋ ከሸክም ብዛት ጎብጧል፤ ከላይኛው ጥርሷ አንዱ የለም። ጥርሷን ያጣችው ከብት ገበያ ላይ፣ አባቷ ሊሸጥ ያወጣት ላም ጡቷ እንደሚታመም ለገዢው የተናገረች ቀን ነው። እውነት መናገር ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውቃለች።

ባለፈው ክረምት ልጅቱ ከነጀሪካኗ ተንሸራታ ወድቃ አንድ ሳምንት ተኛች። ጡጫ በዚያ ሳምንት ውሃውን ራሱ አመላለሰ፤ በስምንተኛው ቀን ባለ አራት ጎማ ሞተር ለመግዛት ቆረጠ። ያዘነው ለልጁ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ቸኩሏል።

ያገለገሉ ሞተሮች የሚሸጡት ከአንድ ጋራዥ ኋላ ባለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ሻጩ አንገቱ ቀጭን፣ ምላሱ ፈጣን ሰው ነበር። ጡጫ ልጁን አስከትሎ ገባ፤ አንዱን ቀይ ሞተር መርጦ ተጠጋውና ሌላ ነገር ከመናገሩ በፊት መዳፉን ሞተሩ ላይ ጫነ።

«አስቀድመህ አሙቀኸዋል?»

«ኧረ ጋሼ! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልተነሳም።»

ቀዝቃዛ ነበር። ጧት ጧት አልነሣ እያለ የሚያስቸግር ሞተር፣ ገዢ ከመድረሱ በፊት እንደሚሞቅ ጡጫ ያውቃል፤ በዚህ አልተታለለም። አስነሣው፤ ጭሱ ሰማያዊ እንዳልሆነ አየ። የፊት ጎማዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቃቸው፤ ኩሽኔታዎቹ አልተንኳኩም። ፍሬኑን ያዘ፣ ማርሹን ለዋወጠ። እስከዚህ ድረስ የሠራው ሁሉ ማንም ጠንቃቃ ሰው የሚሠራው ነው። የቀረው ከሥር መሬት ላይ ተኝቶ ሻንሲውን፣ ሁሉን የሚሸከመውን ብረት፣ ማየት ነበር። እዚህ ላይ ትዕቢቱ ቀደመው። ሻጭ ቆሞ እያየው በጀርባው መተኛት መዋረድ ሆኖ ታየው።

«አንቺ፣ ግቢ ከሥሩ!» አለ።

ልጅቱ ዘይት በጠጣው አፈር ላይ ተንጋላ ገባች። ይህን ጊዜ ሻጩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«አንድ ነገር ልንገርዎት ጋሼ፤ በኋላ እንዳይቀየሙኝ። ይሄ ሞተር ድሮ አንድ ጊዜ ገደል—»

ጡጫ የዕቃ አገዛዝ ዘዴ ነበረው። ሰው የሚዋሸው ሲደላው ነው፣ ሲጨነቅ ግን እውነቱን ይተፋል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። የሰውየውን አንገትጌ ጨምድዶ ይዞ ከቆርቆሮው ጋር አላተመው። ቆርቆሮው ተንጓጓ። ሁለተኛ ሲያላትመው የሻጩ ከንፈር ተሰንጥቆ ደም አገጩ ላይ ወረደ።

«ተረት ልታወራልኝ ነው? ጉድለት አለው የለውም?»

«የ... የለውም!»

«ማልልኝ!»

«ልጆቼን ይንሣኝ! እንደ አዲስ ነው ጋሼ፣ እንደ አዲስ!»

ልጅቱ ከሥር ወጣች። ከመቀመጫው ኋላ ሻንሲው ተሰብሮ መበየዱን፣ በብየዳውም ላይ ጥቁር ቀለም መቀባቱን አይታለች።

«አንቺስ? ንፁሕ ነው አይደል?» አለ አባቷ። ጣቶቹ ገና አልተፈቱም ነበር።

የሻጩን ከንፈር አየች፤ የአባቷን እጅ አየች።

«ንፁሕ ነው» አለች።

ሞተሩ በኪራይ መኪና ተጭኖ ከወጣ በኋላ ሻጩ ከንፈሩን በመሐረብ እየያዘ፣ «ሰውየው ሞተር ሊገዛ ነው የመጣው ወይስ ሊያናዝዘኝ?» አለ።

«መናዘዙንማ ጀምረህ ነበር» አለ የጋራዡ መካኒክ፣ «ያላስጨረሰህ እሱ ነው።»

በማግሥቱ ጧት ጡጫ ምንጩ ዳር ውሃ የሞላ በርሜል ከሞተሩ ኋላ በገመድ ጠፍሮ አሠረና ልጁን ጠራ። መጣች፤ ግን አልወጣችም።

«ውጪና ንጂ እንጂ! ምን ይገትርሻል?»

«አልነዳም አባባ።»

«ምን አልሽ?»

«ሻንሲው ተበይዷል። ዳገቱ ላይ ይሰበራል። አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ እዚያ ምላስሽ የት ሄዶ ነበር? ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ‹ንፁሕ ነው አይደል› ነው ያልኸኝ። የምትፈልገውን ነገርኩህ።»

በጥፊ መታት። ስትንገዳገድ ደገማት፤ በጉልበቷ ወደቀች። ከመሬት ሆና «ብትገድለኝም አልነዳም» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። እውነቷን መሆኑ ገባው፤ የገባውንም ለመቀበል አልፈቀደም። የዚህ ዓይነት ሰው ስህተቱን ከሚያምን አጥንቱን ቢሰብር ይመርጣል። «የተበየደ ብረት ካልተበየደው ይጠነክራል! ተመልከችኝ!» ብሎ ራሱ ወጣበትና ነዳ።

የዳገቱን እኩሌታ አለፈ። ከዚያ ብረት ሲበጠስ የጥይት ያህል ጮኸ፤ የሞተሩ ኋላ ተቀመጠ፣ የፊት ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ተነሡ፣ በርሜሉ ወደ ጎን ጎተተው፤ ሞተሩ ሰውየውን ይዞ ተገለበጠና ሁለት እግሮቹ ላይ ተኛ። ውሃው በደረቱ ላይ ፈሰሰ። ነዳጁ ከአንገቱ አጠገብ ይንጠባጠብ ጀመር።

ልጅቱ ከቤት የከባድ ዕቃ ማንሻ ክሪክ ይዛ ስትወጣ ከሩቅ አያት። እየሮጠች አልነበረም። ደረሰችና ሞተሩን ዞራ መረመረችው።

«ከላይ በኩል ካነሣሁት ክብደቱ በሙሉ ወደ ግራህ ይሄዳል» አለች። «ግራ እግርህ ከተጎዳ በታች በኩል ነው የማነሣው፤ ይሰማሃል?»

«ደህና ነኝ! ዝም ብለሽ አንሺ!»

«ይሰማሃል ወይ?»

«አንሺ ነው ያልኩሽ፣ አንቺ ውሻ!»

እጁ የደረሰበትን ድንጋይ አንሥቶ ወረወረባት። ግንባሯን አገኘው። ደሙ በቅንድቧ ላይ ወርዶ ዓይኗን ሸፈነው፤ በክንዷ ጠረገችው። ከዚያም እጁ ከማይደርስበት ቦታ ተቀመጠችና ከባዱን ክሪክ ጭኗ ላይ አኖረች።

ጡጫ ክሪኩን ተመለከተ። በዚያ ብረት አንድ ጊዜ ብትመታው ነገሩ ያልቃል። እንዲያውም መምታት አያስፈልጋትም፤ ተነሥታ ወደ ታች ብትሄድ ይበቃል፤ የሚሰማ የለ፣ የሚያይ የለ፣ የሚወቅሳትም የለ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ይህች ልጅ ምን ልታደርግብኝ ትችላለች ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር። አሁን አሰበ።

እሷ አልጮኸችም፤ አላስፈራራችም። ጠበቀች። ነዳጁ ይንጠባጠባል።

«ግራው...» አለ በመጨረሻ። «ግራው አይሰማኝም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወደቅሁ ጀምሮ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ያመኛል። በጣም ነው የሚያመኝ።» ከዚያም በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀውን ቃል ወደ ሰማይ እያየ አወጣው፤ «ፈርቻለሁ።»

ልጅቱ ተነሣች። አላጽናናችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም፤ እንዲህ ያለው ቃል በአንድ ጧት አይገኝም። በታችኛው በኩል አፈሩን በእጇ ጫረች፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈች፣ ክሪኩን በግራ እግሩ አጠገብ አቆመችና መዘወሪያውን ያዘች።

«ቀስ በዪ» አላት።

«ቀስ ነው የምለው» አለች፣ ዓይኗን ከብረቱ ሳታነሣ። «አንተ ግን መጮህ ትችላለህ።»